የኮሌጅ ስፖርተኞችና ዲግሪያቸውን ለመፈጸም የሚያደርጉት ጉዞ

በአብዛኛው የዓለም ክፍል ተስፋ የተጣለበት ወጣት ስፖርተኛ የሚያድገው በክለብ ውስጥ ነው። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ግን፣ በተለይ በቅርጫት ኳስና በአሜሪካ እግር ኳስ፣ ወደ ከፍተኛው ደረጃ የሚያደርሰው የተለመደ መንገድ በዩኒቨርሲቲ በኩል ያልፋል። ወጣቱ በጉልበቱና በቅልጥፍናው ተመርጦ የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጠዋል፤ በምላሹም ለተቋሙ ይጫወታል። የስምምነቱ ሌላው ወገን፣ ይኸውም ተማሪው በመጨረሻ ዲግሪውን ይዞ መውጣቱ፣ ለብዙ ዓመታት ጠያቂ አልነበረውም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ጥያቄው ከተነሣ በኋላ የወጡትን ደንቦችና ያስከተሉትን ውጤት ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደንቦቹን የሚያወጣው በ1906 የተመሠረተው ብሔራዊ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ነው። ማኅበሩ በመጀመሪያ ያተኮረው በመግቢያው በር ላይ ነበር። በ1983 ጸድቆ ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው «ሐሳብ 48» የተባለው ውሳኔ፣ አዲስ ገቢ ስፖርተኛ በመጀመሪያ ዓመቱ ለመጫወት በ11 መሠረታዊ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶች 2.0 አማካይ ነጥብና በኤስ.ኤ.ቲ. ፈተና 700 እንዲያመጣ ጠየቀ። ፈተናው በጥቁር ተማሪዎች ላይ ያደላል የሚለው ክርክር ወዲያው ተነሣ። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ጆን ቶምሰን ይህን ደንብ የበለጠ የሚያጠብቀውን ተከታይ ውሳኔ በመቃወም በጃንዋሪ 1989 ጨዋታ ሊጀመር ሲል ሜዳውን ለቀው ወጡ። የፈተናው ውጤት መጠየቁም በ2023 ቀርቷል። ይሁን እንጂ በመግቢያ ላይ የሚደረግ ማጣራት፣ ተማሪው ከገባ በኋላ ስለሚገጥመው ነገር የሚነግረን ጥቂት ነው።

ከገባ በኋላ የሚገጥመውን ለመረዳት በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የተፈጸመውን መመልከት ይጠቅማል። በ1981 ዘጠኝ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች የእንግሊዝኛ ማካካሻ ትምህርታቸውን ወድቀው ሳለ ወደ መደበኛው ትምህርት እንዲያልፉ ተደረገ። ምክንያቱም በአዲሱ ዓመት መባቻ በሚደረገው ታላቅ ግጥሚያ እንዲሰለፉ ተፈልጎ ነው። ይህን የተቃወሙት የማካካሻው ፕሮግራም የእንግሊዝኛ መምህርት ጃን ኬምፕ ከሥራቸው ተሰናበቱ። ጉዳዩን ፍርድ ቤት አቅርበው በ1986 ረቱ፤ ወደ ሥራቸውም ተመለሱ። ከዚህ ክርክር የምንረዳው፣ ተማሪው በየጊዜው ያለበትን የትምህርት ደረጃ የሚለካ ከተቋሙ ውጭ የሆነ መመዘኛ በሌለበት ቦታ፣ የውጤት መዝገቡን ከግፊት የሚጠብቀው መምህሩ ብቻውን እንደነበረ ነው።

የዚህ ዓይነት መመዘኛ በ1990ዎቹ ተጀምሮ በ2003 ጠበቅ ያለ መልክ ያዘ። በዚያ ዓመት በወጣው ደንብ መሠረት፣ ስፖርተኛው ሁለተኛ ዓመቱን ሲፈጽም ለዲግሪው ከሚያስፈልገው ትምህርት 40 ከመቶውን፣ ሦስተኛውን ሲፈጽም 60 ከመቶውን፣ አራተኛውን ሲፈጽም 80 ከመቶውን ማጠናቀቅ አለበት፤ ካልሆነ አይሰለፍም። ዲግሪው 120 ክሬዲት የሚጠይቅ ቢሆን እንደ ቅደም ተከተሉ 48፣ 72ና 96 ክሬዲት መሆኑ ነው። ስሌቱን ያስተዋለ የዕቅድ ባለሙያ እንደሚገነዘበው፣ ይህ በዓመት 24 ክሬዲት ማለት ስለሆነ የደንቡ እርምጃ የአራት ሳይሆን የአምስት ዓመት እርምጃ ነው። ቀድሞ የነበረው መጠን 25፣ 50ና 75 ከመቶ ነበር። ዋናው ለውጥ በሁለተኛው ዓመት ላይ የተጨመረው ጫና ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ወደኋላ የቀረ ተማሪ በኋለኞቹ ዓመታት ማካካሱ አስቸጋሪ ነውና።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ መታየት ያለበት አንድ ነጥብ አለ። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ የሚቆጠረው ያለፈው ክሬዲት ሁሉ ሳይሆን፣ ተማሪው በመረጠው የዲግሪ ፕሮግራም ውስጥ ቦታ ያለው ክሬዲት ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ተማሪ በምሕንድስና ጀምሮ በሁለት ዓመት 56 ክሬዲት አለፈ እንበል። ፍላጎቱ ተለውጦ ወደ ኢኮኖሚክስ ሊዛወር ቢጠይቅና አዲሱ ክፍል ከእነዚህ 40ውን ብቻ ቢቀበለው፣ ተማሪው ከ48 በታች ሆኖ ይገኛል። ስፖርተኛ ያልሆነ ጓደኛው አንድ ሴሚስተር ቢዘገይ የሚጎዳው ጊዜው ነው፤ ስፖርተኛው ግን የመሰለፍ መብቱን፣ አልፎም የነፃ ትምህርት ዕድሉን ለአደጋ ያጋልጣል። በዚህ ላይ የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜዎች ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚውሉ ከልምምድ ጋር ይጋጫሉ። ከዚህ የተነሣ አማካሪዎች ተማሪውን ብዙ ክሬዲት በቀላሉ ወደሚቀበል ክፍል ይመሩታል፤ ከአንድ ቡድን አባላት ሩብ የሚሆኑት ወይም ከዚያም የሚበልጡት በአንድ የትምህርት ዘርፍ ተከማችተው የሚገኙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በጸሐፊው አስተያየት የደንቡ ከባድ ጉድለት ይኸው ነው። ተማሪው እንዲጨርስ ይገፋፋዋል፤ ምን እንደሚጨርስ ግን ሊመርጥለት ይቀርባል።

የጊዜው ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም። ከ1991 ወዲህ አሠልጣኝ በውድድር ወቅት ከስፖርተኛው በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይወስድ ተደንግጓል። ሆኖም ጉዞው አይቆጠርም፤ «በፈቃደኝነት» የሚደረግ ልምምድም አይቆጠርም፤ የውድድር ቀን ምንም ያህል ቢረዝም እንደ 3 ሰዓት ይያዛል። ማኅበሩ ራሱ ያሰራጫቸው መጠይቆች በከፍተኛው ምድብ ያሉ ስፖርተኞች በሳምንት ከ30 ሰዓት በላይ ለስፖርት እንደሚያውሉ አሳይተዋል።

በ2004 ኃላፊነቱ ከተማሪው አልፎ በቡድኑ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። እያንዳንዱ የነፃ ትምህርት ዕድል ያለው ስፖርተኛ በየሴሚስተሩ ሁለት ነጥብ ያስገኛል፤ አንዱ በትምህርቱ ብቁ ሆኖ በመገኘቱ፣ ሁለተኛው በተቋሙ በመቆየቱ ወይም በመመረቁ ነው። ድምሩ ከሚቻለው ጋር ተነጻጽሮ ከ1,000 ይሰላል። 13 ተጫዋቾች ያሉት የቅርጫት ኳስ ቡድን በዓመት 52 ነጥብ ማግኘት ይችላል። ሁለት ተጫዋቾች በዓመቱ መጨረሻ በትምህርታቸው ደክመው ቢወጡ አራት ነጥብ ይጎድላል፤ የዓመቱም ውጤት 923 ይሆናል። በ2011 የተወሰነው ዝቅተኛ መጠን ግን፣ በአራት ዓመት አማካይ፣ 930 ነው። የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድን በዚህ መለኪያ ወድቆ ከ2013 የፍጻሜ ውድድር ታገደ። ቡድኑ በማግሥቱ ዓመት የአገሪቱ ሻምፒዮን መሆኑ ሲታይ፣ ቅጣቱ የደካማ ቡድኖች ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ቆጠራ ትምህርትን ይቆጥራልን? የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አሳሳቢ መልስ ይሰጣል። በ2014 ይፋ በሆነው የምርመራ ዘገባ እንደተገለጸው፣ ከ1993 እስከ 2011 በአንድ የትምህርት ክፍል ስብሰባም ሆነ አስተማሪ የሌላቸው ኮርሶች ይሰጡ ነበር። ተማሪው የሚያቀርበው አንድ ጽሑፍ ብቻ ሲሆን፣ አብዛኛውን የምታርመው መምህር ሳትሆን የክፍሉ የቢሮ ሠራተኛ ነበረች። ከ3,100 በላይ ተማሪዎች ኮርሶቹን ወስደዋል፤ ግማሽ ያህሉ ስፖርተኞች ነበሩ። ክሬዲቶቹ በመዝገብ ላይ ከማናቸውም ክሬዲት የሚለዩበት ምልክት አልነበራቸውም። ማኅበሩም በ2017፣ ኮርሶቹ ለሁሉም ተማሪ ክፍት ስለነበሩ የስፖርት ደንብ ተጣሰ ለማለት እንደማይችል ወሰነ።

የመመረቂያው መጠን በሚጠቀስበት ጊዜም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፌዴራሉ መንግሥት ስሌት በስድስት ዓመት ውስጥ በገባበት ተቋም ያልተመረቀውን ሁሉ፣ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረውንም ጭምር፣ እንዳልጨረሰ ይቆጥራል። የማኅበሩ ስሌት ደግሞ በጥሩ የትምህርት ይዞታ የለቀቀውን ከቁጥሩ አውጥቶ፣ ከሌላ የመጣውን ያስገባል። በማኅበሩ ስሌት በ1995 ከገቡት የከፍተኛው ምድብ ስፖርተኞች ሦስት አራተኛ ገደማ ተመርቀዋል፤ በቅርብ ዓመታት መጠኑ 90 ከመቶ ደርሷል። የፌዴራሉ ስሌት ግን ለቅርቦቹ ዓመታት እንኳ ከ70 ከመቶ እምብዛም አይርቅም። ደንቦቹ ብዙ ተማሪዎችን እንዲጨርሱ ማድረጋቸውን ጸሐፊው አይጠራጠርም፤ ሆኖም ሁለቱን አኃዞች ሳይለዩ ማወዳደር ያሳስታል።

ልዩነቱ ወደፊት ሳይሰፋ አይቀርም። ከአፕሪል 2024 ወዲህ በትምህርቱ ብቁ የሆነ ስፖርተኛ ያለ ገደብ ከተቋም ወደ ተቋም እየተዛወረ ወዲያው መጫወት ይችላል። በጁን 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ ገንዘብ እንዲከፍሉ ተፈቅዷል። ተጫዋቹ በተዛወረ ቁጥር ግን ተቀባዩ ተቋም ክሬዲቱን እንደገና ይመዝናል፤ ሦስት ጊዜ የተዛወረ ተማሪ ብዙ ክሬዲት እያለው ከአንድም ዲግሪ ሩቅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ይህ ጉዳይ ከእኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋር የሚገናኝበት አንድ ቦታ አለ። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በሩጫ ወይም በሌላ ስፖርት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ዕድል የሚፈልግ ወጣት፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን የየዓመቱን ውጤት ለማኅበሩ የብቃት ማረጋገጫ ክፍል ማቅረብ ይኖርበታል። ለከፍተኛው ምድብ የሚታዩት 16 መሠረታዊ ትምህርቶች ሲሆኑ የሰውነት ማጎልመሻ ውጤት አይያዝም። ጊዜው የሚቆጠረው ተማሪው በመጀመሪያ 9ኛ ክፍል ከገባበት ዓመት አንሥቶ ነው፤ ክፍል መድገም ቆጠራውን አያቆመውም። ስለሆነም ትምህርት ቤቱ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል የያዘው ካርድና ሮስተር፣ ወጣቱ ገና ሯጭነቱ ሳይታወቅ የተጻፈው፣ ከአራት ዓመት በኋላ በውጭ አገር ጠረጴዛ ላይ የሚመረመር ሰነድ ይሆናል።