የቅዳሜው ወንፈል

ልጄ ሦስተኛ ዲግሪዋን ስትጀምር «ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «አራት» አለችኝ። አሁን ስድስተኛውን ይዛለች። በመሀል ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ እኔም ከመምህርነት ጡረታ ወጥቼ እዚሁ ደባርቅ የልጅ ልጅ አሳድጋለሁ።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ሁለት ሴቶች ቤታችን ይመጣሉ፤ አንዷ ከዳባት፣ አንዷ ከጎንደር። እነሱም እንደ ልጄ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። በር ዘግተው ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። ሳቅ ይሰማል፤ አንዳንዴም ለቅሶ። እኔ ቡና አፈላለሁ፣ ሕፃኑን አዝላለሁ፣ በሆዴ ደግሞ አጉረመርማለሁ። ባለፈው ሰኔ አንድ ቅዳሜ ማታ አላስችል ብሎኝ «ይህን ሁሉ ሰዓት ለወሬ ከምታውሉት ብታጠኑበት እስካሁን በጨረሳችሁ» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ልጇን ከጀርባዬ አውርዳ ወደ ክፍሏ ገባች።

ነገሩ የገባኝ ጥቅምት ላይ፣ ሳንቃ በር ነው። ልጄ የምታጠናው በሰሜን ተራሮች ፓርክ የሚበቅለውን ሣር ነው፤ ጭላዳውም የገበሬው ከብትም የሚፈልገው እሱኑ ነው። ሣሩ ሳይደርቅ በገመድ የከለለችውን መሬት መለካት ነበረባት። ሕፃኑ ገና ሰባት ወሩ ነው፤ ጡት ይጠባል። ባሏ ሥራው ሩቅ ነው። ሳንቃ በር ከባሕር ጠለል በላይ 3,250 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌሊቱ ለደባርቅ ሰው እንኳ ይከብዳል። ቢሆንም ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልዬ አብሬያት ወጣሁ።

ሁለቱም ሴቶች መጡ። የዳባቷ የጤና ባለሙያ ናት፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዳባት ላይ ልደትና ሞትን እየመዘገበ ቤተሰቦችን በሚከታተልበት ጣቢያ መረጃ ላይ ትሠራለች። የጎንደሯ የስታቲስቲክስ ሰው ናት። ስለ ሣር አንዳቸውም አያውቁም። አንዷ ሜትር ያዘች፣ አንዷ ጻፈች፤ ስካውቱ ከኋላ እየተከተለ ሦስት ቀን ሙሉ ዋሉበት። እኔ ጠዋት ጠዋት ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው ሣር ሲነጩ ለሕፃኑ አሳየዋለሁ። ሴቶቹ እናትና ልጅ፣ እህትማማች ሆነው አብረው እንደሚኖሩ፣ የሚቀያየረው ወንዱ እንደሆነ የነገረችኝ ልጄ ናት። ባሏ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል እንጃ።

በሁለተኛው ሌሊት የተኛሁ መስሏቸው ሲያወሩ ሰማሁ። «ማቋረጫ ማመልከቻሽ እኮ አሁንም እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው» አለች የዳባቷ። ልጄ ሳቀች። እኔ ብርዱ ጠፋኝ።

ጠዋት ጠየቅኋት። አንድ ምዕራፍ አማካሪዋ ዘንድ ስምንት ወር ተቀምጦ በሁለት መስመር አስተያየት ተመልሶላት ነበር። ያኔ አራስነቷም አልወጣላትም፤ ትምህርቱን ለመተው ማመልከቻ ጻፈች። ሴቶቹ «ማመልከቻውንም ምዕራፉንም ለእኛ ስጪን» አሏት። ምዕራፉን ጮክ ብለው መስመር በመስመር አነበቡት፤ የቱ ጋ እንደተሰበረም አሳዩአት። ያ ቅዳሜ እኔ «ወሬ» ያልኩት ቅዳሜ ነው።

ለካስ ቤቴ ውስጥ የሚካሄደው ወንፈል ኖሯል፤ ዛሬ ያንቺን እናርማለን፣ ቀጥሎ የእኔን። ባለተራዋ አሥር ገጽ ታመጣለች፣ ሌሎቹ አንብበው እስኪጨርሱ አፏን አትከፍትም። ለትራንስፖርትና ለኅትመት የሚሆን ዕቁብም አላቸው። ወንዶቹ ተማሪዎች ይህን ሁሉ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሻይ ላይ ያገኙታል። ሴቲቱ በዚያ ሰዓት ወደ ልጇ ትሮጣለች፤ የሚመክራት ጠፍቶ ሳይሆን ምክሩ የሚገኝበት ሰዓት ላይ የለችም።

አራተኛ ጓደኛ አሜሪካ አለቻቸው፤ በክፍሏ ብቸኛዋ ጥቁር ሴት ናት። እሷም እዚያ እንደሷ ሦስተኛ ዲግሪ የሚማሩ ጥቁር ሴቶችን ፈልጋ አገኘች፤ በማለዳ በስልክና በኮምፒውተር ተገናኝተው ሳይነጋገሩ አብረው ይጽፋሉ። እኔ «ሳይነጋገሩ» ሲሉኝ ሳቅኩ፤ አሁን የእኛዎቹም ይህንኑ ይሞክራሉ፣ ኔትወርክ ሲኖር። እ.ኤ.አ. በ1921 ጆርጂያና ሲምፕሰን፣ ሳዲ ሞሰልና ኢቫ ዳይክስ የተባሉ ሦስት ሴቶች በሦስት የተለያዩ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በአንድ ወር ውስጥ ሦስተኛ ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች መሆናቸውን የነገረችንም እሷ ናት። ሲምፕሰን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነጭ ተማሪዎች አብረናት አናድርም ስላሉ ከመኖሪያው እንድትወጣ ተደርጋ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ተነስተው ለዓለም አቀፍ ተመራማሪነት የበቁት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑት የዓለምፀሐይ መኮንንስ ሲቸገሩ ማንን ጠየቁ? ዕድሜዬን ሙሉ ሴት ልጆች አስተምሬ ይህ ጥያቄ መጥቶብኝ አያውቅም።

ልጄን ይቅርታ ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ቡናው እኮ ጥሩ ነበር» አለችኝ።

የዳባቷ ጥር ላይ ጽሑፏን ለፈታኞች ታቀርባለች። የፊታችን ቅዳሜ ተራው የጎንደሯ ነው። «እትዬ፣ ልጆቼን የሚይዝልኝ አጣሁ፤ ልቅር ይሆን?» ብላ ደወለችልኝ። ሁለቱንም ይዛቸው እንድትመጣ ነግሬአታለሁ፤ ከጎረቤት ፍራሽ ተውሻለሁ።