ነፍስ ያለውና ነፍስ የሌለው የቤት እንስሳ

በአገራችን ውሻ ቤት ለመጠበቅ፣ ድመትም አይጥ ለመያዝ ይታደጋሉ እንጂ ለሰው ጤንነት ይጠቅማሉ ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ዛሬ ደግሞ ሥጋና ደም የሌለው፣ በስልክ ውስጥ የሚያድግ እንስሳ መጥቷል። ስለዚህ የሁለቱን ጥቅም በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኤሪካ ፍሪድማን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1980 ባወጡት ጥናት፣ በልብ ሕመም ሆስፒታል ገብተው የነበሩ 92 ሰዎችን ተከታትለዋል። እንስሳ ከነበራቸው 53 ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት 3 ሲሆኑ፣ ካልነበራቸው 39 ሰዎች ግን 11 ሞተዋል። ይህ ብቻውን ውሻ ልብን ይፈውሳል አያሰኝም፤ ምናልባት እንስሳ የሚያሳድገው ቀድሞውንም ብርታት ያለው ሰው ይሆናልና። ሆኖም ውሻ ያለው ሰው ከቤት ወጥቶ ይራመዳል፤ ጠጉሩን ሲዳብስ መንፈሱ ይረጋጋል፤ ከሁሉም በላይ «እኔን የሚጠብቅ አለ» ብሎ በጧት ይነሣል።

ሰው ሠራሹ እንስሳ የሚነካው ይህንኑ ስሜት ነው። በ1996 በጃፓን የወጣው ታማጎቺ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ትንሽ መጫወቻ ነው። በመስኮቱ የሚታየው ፍጡር ይራባል፤ ይታመማል፤ ካልተንከባከቡትም ይሞታል፤ ብዙ ልጆችም አልቅሰውለታል። ከ2005 ጀምሮ በዚያው አገር የተሸጠው ፓሮ ደግሞ የበረዶ ባሕር እንስሳ ግልገል የሚመስል፣ ሲዳብሱት የሚንቀሳቀስና ድምፅ የሚያሰማ መኪና ነው። ስለማይነክስና መኖ ስለማይፈልግ፣ ሕያው እንስሳ በማይገባበት የአረጋውያን መጦሪያ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን ያጽናናል።

እንግዲህ ልዩነቱ ምንድን ነው? አንድ የጎረቤታችን ልጅ በስልኩ ያለችውን ድመት በቀን ሦስት ጊዜ ሲያበላ አያለሁ፤ በግቢያቸው የታሰረው ውሻ ግን ጣሳው ደርቆ ይውላል። ድመቲቱ ብትረሳ ስልኩ ይጠራል፤ ውሻው ግን ዝም ብሎ ይጠብቃል። የስልኩ ረኃብ ሥዕል ነው፤ የውሻው ጥም ግን እውነተኛ ጥም ነው።

ስለዚህ ውሻ ያላችሁ ጓደኞቼና ወላጆች ሆይ፣ ውሃውን አትርሱ፤ ሰንሰለቱን አስረዝሙ፤ የእብድ ውሻ በሽታም ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት ስለሌለው ክትባቱን በጊዜው አስከትቡ። ሕያው እንስሳ ለሰው ደስታን የሚሰጠው፣ ሰውም ለእርሱ የሚገባውን ሲሰጠው ነው።