የአደን ጠበንጃና ሞተር ብስክሌት

አዳኝ በበቅሎ ፈንታ ሞተር ብስክሌት ሲጋልብ ጠበንጃውን የት እንደሚያኖር መላ መፈለግ አለበት። ብዙዎች በጀርባቸው ያነግቱታል። ይህ ለተመልካች ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ ድንጋይ መትቶ ቢገለበጥ ሰውየው በብረቱ ላይ ስለሚወድቅ አከርካሪው ይጎዳል፤ አፈ ሙዙም ቅርንጫፍ ይዞ ከኮርቻው ሊያወርደው ይችላል።

የሚሻለው ከሞተሩ ጋር የሚታሰር ጠንካራ ሰገባ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ ሐርሊ ዴቪድሰን ለአሜሪካ ጦር በሠራው ደብሊው ኤል ኤ በተባለው ሞተር ላይ፥ ቶምሰን የተባለው አነስተኛ መትረየስ ከፊተኛው ጎማ ጎን በቆዳ ሰገባ ይቀመጥ ነበር። ወታደሩስ ጠላት ያሠጋዋል፤ አዳኝ ግን ጥይት አጉርሶ የሚጓዝበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ከመነሣት በፊት ጥይቱ ከመጉረሻውም ከካዝናውም ይውጣ፤ በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣትም ይመርመር። ተከፋቹ ባለ ሁለት አፈ ሙዝ ጠበንጃ ከሰደፉ ተለይቶ በወፍራም ጨርቅ ቢጠቀለል፥ በመንገድ ላይ ከቶ ሊተኩስ አይችልም።

ከሁሉ የሚዘነጋው ጭቃና አሸዋ ነው። አፈ ሙዙ ተደፍኖ ከተተኮሰ፥ የባሩዱ ኃይል መውጫ ስለሚያጣ ብረቱ በተኳሹ እጅ ሊፈነዳ ይችላል። አፉን ሸፍኖ መጓዝ፥ ሲደርሱም ጥይት ከማጉረስ በፊት ከኋላ ወደ ፊት ብርሃን ማየት ይገባል። ማነጣጠሪያ መነጽር ያለው እንደ ሆነ ደግሞ መንቀጥቀጡ ልኩን ሊያዛባው ስለሚችል፥ አስቀድሞ በዒላማ ላይ ይሞከር።