ለኮድ ጻፊው ረዳት መዝገብ ቤቱን መክፈት

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ የሚወርደው መንገድ ደጋንን አቋርጦ ያልፋል። የዚህ አገር ወጣት የኮምፒዩተር ትምህርት ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቅርቡ ነው። መንግሥትም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. 5 ሚሊዮን ሰዎችን ኮድ የማስተማር ሥራ ጀምሯል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንናገረው ጉዳይ ለደጋን ልጅ የባዕድ ወሬ አይደለም።

ጊትሃብ ኮፓይለት የተባለው ረዳት በሰኔ ወር 2013 ዓ.ም. ለሕዝብ ከታወቀ ወዲህ፥ ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች በርክተዋል። እነዚህ ረዳቶች የተማሩት በአመዛኙ ለዓለም በይፋ ከተዘረጋ ጽሑፍ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለራሱ ብቻ ያዘጋጀውን የሶፍትዌር ፓኬጅ ግን ከቶ አላዩትም። አላየሁም ብለው ዝም ቢሉ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ እውነት የሚመስል ስም ፈጥረው ይጽፋሉ።

በደጋን ያለ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ በነሐሴ ወር፥ የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ስንት ቀን እንደቀረው የሚያሰላ ፕሮግራም ረዳቱን ጠየቀ እንበል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያልቃል፤ በመካከሉም ጳጉሜን አለች፤ እርስዋም በ2015 ዓ.ም. እንደሆነችው ሁሉ በየአራት ዓመቱ 6 ቀን ትሆናለች። መሥሪያ ቤቱ ይህን የሚያሰላ ፓኬጅ አስቀድሞ ሠርቶ ይሆናል። ረዳቱ ግን መመሪያውን ስላላነበበ ወይ ፓኬጁን በሌለ ትእዛዝ ይጠራዋል፥ ወይም ትቶት በአሥራ ሁለት ወር የራሱን ሒሳብ ይጀምራል። የመጀመሪያው ስሕተት ፕሮግራሙ ወዲያው ስለሚቆም ይታወቃል። የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው፤ ፕሮግራሙ ያለ እክል ይሠራል፥ አምስት ቀን ግን ጎድሎበታል።

ከዚህም የከፋ አለ። ረዳቱ የፈጠረውን የፓኬጅ ስም አንድ ተንኮለኛ በይፋ ማከማቻ አስመዝግቦ ክፉ ኮድ ቢያኖርበት፥ ያልጠረጠረው ሠራተኛ ሌባን በገዛ እጁ ወደ ቢሮው ያስገባል።

ተዛውሮ የመጣ ጸሐፊ የቱንም ያህል የተማረ ቢሆን፥ መዝገብ ቤቱ ካልተከፈተለት የቢሮውን ሥራ አያውቅም። ለረዳቱም እንዲሁ ነው፤ ጥያቄ ሲቀርብ ከመመሪያው አግባብ ያለው ክፍል ተፈልጎ አብሮ ይቀርብለታል። ለዚህ መገናኛ የሚሆን ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለ ሥርዐት አንትሮፒክ በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. አወጣ፤ ኦፕንኤአይና ጉግልም ተቀበሉት።

ቁልፉ ሲሰጥ ግን ረዳቱ ያንብብ እንጂ አይለውጥ። ብዙ ጊዜ የሚሠራው በውጭ አገር ባለ ኮምፒዩተር ላይ ስለሆነ፥ የቀረበለት ሁሉ ከቢሮ ይወጣል። ስለዚህ የይለፍ ቃልና የነዋሪዎች ስም ዝርዝር በመመሪያው ውስጥ መገኘት የለበትም፤ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዳለም አይዘንጋ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መዝገብ ቤቱ ባዶ የሆነ እንደሆነ ነው። ፓኬጁን የሠራው ሰው ዕውቀቱን በልቡ ይዞት ይኖራል፤ ችግር ሲገጥም ስልክ ይደወልለታል። ሥራውን ለቆ የሄደ እንደሆነስ? መመሪያው ተጽፎ የአምናው ቢሆንም ረዳቱ አሮጌውን በሙሉ እምነት ይደግማል፤ በእኔ አስተያየት ይህ መመሪያ ከማጣት ይብሳል። ፓኬጁን የለወጠ ሰው መመሪያውንም በዚያው ቀን ይለውጥ። እያንዳንዱ ትእዛዝ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ ከአንድ ትንሽ ምሳሌ ጋር ይጻፍ፤ ለጳጉሜን 6ም አንድ ምሳሌ አይቅር።