ስለ ሰንጢ መጋዝ፤ ጥንካሬውና አሳሳሉ

ሰንጢ ማለት ስለቱ ወደ እጀታው ውስጥ የሚታጠፍ ትንሽ ቢላዋ ነው። ከሰንጢም ወገን ከቢላዋው ጋራ ሌላ ሌላ መሣሪያ የተጨመረበት አለ፤ ከነዚህም አንዱ ትንሽ መጋዝ ነው። ይህ መጋዝ በተማሪ ቤት የአታክልት ቦታ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ፥ ለችግኝ መደገፊያ የሚሆን እንጨት ለማዘጋጀት፥ ለእጅ ሥራ ትምህርትም ይጠቅማል። ነገር ግን ብዙ ሰው መጋዙ አልቈርጥ ባለው ጊዜ ደነዘ ብሎ ይጥለዋል፤ ወይም እንደ ቢላዋ በድንጋይ ይስለውና ፈጽሞ ያበላሸዋል። ስለዚህ መጋዙ እንዴት እንደ ተሠራ፥ የሚያደነዝዘውም ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሰንጢው ታሪክ

የዚህ ዓይነት ሰንጢ ስመ ጥር የሆነው በስዊስ አገር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ካርል ኤልሰነር የሚባል ቢላዋ ሠሪ በ1884 ዓ.ም. በሽቪትስ አውራጃ በኢባኽ መንደር የሥራ ቤት ከፈተ፤ በ1891 ዓ.ም. ደግሞ ለአገሩ ወታደሮች ሰንጢ ሠርቶ ማስረከብ ጀመረ። ያ የወታደር ሰንጢ ቢላዋ፥ መብሻ ወስፌ፥ የቆርቆሮ መክፈቻና የብሎን መፍቻ ነበረው እንጂ መጋዝ አልነበረውም። ለስዊስ ወታደር በሚሰጠው ሰንጢ መጋዝ የገባው በ2008 ዓ.ም. በተመረጠው አዲስ ዓይነት ነው። የሥራ ቤቱም በ1921 ዓ.ም. በማይዝግ ብረት መሥራት በጀመረ ጊዜ ከኤልሰነር እናት ከቪክቶሪያ ስምና በፈረንሳይኛ የማይዝግ ማለት ከሆነው ቃል ተጋጥሞ ቪክቶሪኖክስ ተባለ።

የመጋዙ አሠራር

የዚህ ሰንጢ ብረት ከመቶ 15 እጅ ያህል ክሮሚየም ያለበት ነው፤ ዝገትን የሚከለክለው ይህ ክሮሚየም ነው። ብረቱ በ1,040 ዲግሪ ሙቀት ከጋለ በኋላ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያም እንዳይሰበር በ160 ዲግሪ እንደ ገና ይሞቃል። ጥንካሬው ሮክዌል በሚባለው መለኪያ ሲመዘን የቢላዋው 56፥ የመጋዙ 53 ነው። መጋዙ ከቢላዋው ጥቂት የለሰለሰው በከንቱ አይደለም። ጥርስ ቀጭን ነውና እጅግ ቢጠነክር እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ደኅና ሞረድም በዚሁ መለኪያ ከ60 በላይ ስለ ሆነ መጋዙን ሊነክሰው ይችላል።

ሁለተኛው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የመጋዙ ቅርጽ ነው። የትልቁ የአናጢ መጋዝ ጥርሶች አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው፤ ይህም በእንጨቱ ውስጥ ሰፋ ያለ መንገድ ቀዶ መጋዙ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። የዚህ የሰንጢ መጋዝ ጥርሶች ግን አያዘነብሉም። በዚያ ፈንታ መጋዙ በጥርሱ በኩል ወፍራም፥ በጀርባው በኩል ቀጭን ሆኖ ተሠርቷል። እንግዲህ የጥርሱን ጐንና ጐን በድንጋይ የሚስል ሰው ይህን ውፍረት ያጠፋዋል፤ ከዚያም በኋላ ጥርሱ የቱንም ያህል ቢሾል መጋዙ በእንጨቱ ውስጥ ይያዛል።

የሚያደነዝዘው ነገር

መጋዙ አልቈርጥ ሲል አስቀድሞ መመርመር ያለበት ጥርሱ ሳይሆን በጥርሶቹ መካከል ያለው ጐድጓድ ነው። እንደ ጽድ ያለ ሙጫ ያለው እንጨት ከተቈረጠ በኋላ ሙጫውና ሰጋቱራው ተጋግረው ጐድጓዱን ይሞሉታል፤ ጥርሱም እንጨቱን ሊነክስ አይችልም። ይህ እድፍ እንጂ ድንዛዜ አይደለም። በላምባ በራሰ ጨርቅ፥ ከእሳት ርቆ፥ ካሹት በኋላ በሞቀ ውሃና በሳሙና በብሩሽ ቢያጥቡት መጋዙ እንደ ቀድሞው ይቈርጣል።

ጥርሱ በእውነት መደንዘዙ የሚታወቀው በብርሃን ነው። መጋዙን ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ይዘው ጫፎቹን ሲመለከቱ የሾለ ጥርስ ብርሃን አይመልስም፤ የደነዘዘው ግን በጫፉ ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ያብረቀርቃል። ይህን የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ እንጨት ሳይሆን በእንጨቱ ውስጥ የተቀበረ ምስማር ወይም በሥሩ ላይ የተጣበቀ አፈርና ጠጠር ነው።

አሳሳሉ

1ኛ፤ መጋዙን በሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች መካከል አድርጎ ጥርሱ ብቻ ብቅ እንዲል በሞርሳ ማሰር።

2ኛ፤ ሦስት ማዕዘን ያለው ደቃቅ ሞረድ መያዝ፤ የብረት ፍቅፋቂ እንዳይጣበቅበትም ሞረዱን በጠመኔ ማሸት።

3ኛ፤ የመጀመሪያውን ጥርስ በቀለም ምልክት ማድረግ፤ የተሳለው ካልተሳለው እንዳይቀላቀል ነው።

4ኛ፤ የእያንዳንዱ ጐድጓድ አቅጣጫ ወዴት እንደሚያዘነብል ተመልክቶ ሞረዱን በዚያው መንገድ ወደ ፊት ብቻ መግፋት፤ ሲመልሱት ማንሣት።

5ኛ፤ ለሁሉም እኩል ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ መሞረድ፤ ነጩ ነጥብ ሲጠፋ መተው።

በሞተር በሚዞር መሳያ ግን መሳል አይገባም። ጥርሱ ትንሽ ስለ ሆነ ቶሎ ይግልና ጥንካሬውን ያጣል። ደግሞም ሞረድ በነካው ቍጥር ጥርሱ ዝቅ ይላል፥ ወፍራሙም ወገን እየተበላ ይሄዳል። ስለዚህ መጋዝ የሚሞረድበት ጊዜ የተቈጠረ ነው፤ ማጽዳት ግን አይቀንሰውም።

አጠባበቁ

በዚህ መጋዝ ሲቈርጡ ሳብ ሲያደርጉ እንጂ ሲገፉ ኃይል አይጨመርም። ብዙው ሰንጢ ማጠፊያውን ሞላ ብቻ ስለሚይዘው፥ ሲገፉት መጋዙ ቢጠመዝዝ ተመልሶ በጣት ላይ ሊታጠፍ ይችላል። በተለይ ሕፃናት ይህን ሳይማሩ ሊይዙት አይገባም። ከሥራ በኋላ መጋዙ ደርቆ ይታጠፍ፤ በማጠፊያውም ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት ይደረግ። የማይዝግ የተባለ ብረት እንኳ እርጥበትና ጨው ብዙ ቀን ቢቈዩበት ይበላሻልና።

መምህሩ ይህን ሥራ በተማሪዎቹ ፊት ቢያደርገው፥ አስቀድሞም ያደፈውን መጋዝ አጥቦ እንጨት ቢቈርጥበት፥ ተማሪዎቹ አንድ ትልቅ ነገር ይማራሉ። ይኸውም የተበላሸ የሚመስል መሣሪያ ሁሉ አልተበላሸም፤ ሞረድ ከማንሣት አስቀድሞ ምክንያቱን መመርመር ይገባል።