ምዕራፍ አምስት፦ ጠባቂዪቱ መንደር ላጓርዲያ

ጥንታዊ መንደርን ለማየት የሚሄድ መንገደኛ ዐይኑን አስቀድሞ ወደ ግንቡና ወደ ደወል ቤቱ ማንሣቱ የተለመደ ነው፤ ላጓርዲያን ለመጎብኘት የሚወድ አንባቢ ግን እግሩ የቆመበትን መሬት አስቀድሞ እንዲያስብ አሳስበዋለሁ፤ የዚህች መንደር ግማሽ አካሏ ከምድር በታች ነውና።

ላጓርዲያ በሰሜን እስጳንያ፣ በባስኮች አገር፣ በአላቫ አውራጃ፣ ከሎግሮኞ ከተማ ከ20 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት በኮረብታ ላይ ተቀምጣለች። በስተሰሜን የካንታብሪያ ተራራ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሣውን ቀዝቃዛና ርጥብ ነፋስ ይከለክልላታል፤ በስተደቡብ የኤብሮ ወንዝ ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ኖራ የተቀላቀለበት ሸክላማ አፈርም እስከ ወንዙ ድረስ በዐጸደ ወይን ተሸፍኗል። በዚያ የሚበዛው ሐረገ ወይን ቴምፕራኒዮ ይባላል፤ ፍሬው ከብዙዎች ወይኖች ቀድሞ ስለሚበስል፣ ስሙ «ማልዶ» የሚል ትርጓሜ ካለው የእስጳንያ ቃል ወጥቶለታል።

«ጠቢቡ» የተባለው የናቫራ ንጉሥ ሳንቾ 6ኛ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1164 ዓ.ም. ለመንደሪቱ መብቷን የሚወስን የንጉሥ ጽሑፍ በሰጣት ጊዜ፣ በዚህ ወሰን ላይ የጎረቤቱ የካስቲያ መንግሥት ያሰጋው ስለ ነበር፣ ኮረብታው በቅጽር ታጠረ፤ ላጓርዲያ ማለትም መጠበቂያ ማለት ነው። ዛሬም ጎብኚው ከአምስቱ በሮች በአንዱ ገብቶ በጠባቦቹ መንገዶች ሲሄድ፣ መንደሪቱ የስሟን ትርጓሜ እንዳልረሳች ያያል።

የመጀመሪያው ምስክር የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። የደጁ የድንጋይ ቅርጽ በ14ኛው መቶ ዓመት ተቀርጾ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት በኅብረ ቀለም ያጌጠ ሲሆን፣ እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ በመካከል ቆማ፣ ሐዋርያት በቀኝና በግራ ተሰልፈው፣ ከበላያቸውም ብሥራቱ፣ የሰብአ ሰገል ስግደት፣ ዕረፍቷና ፍልሰቷ በየተራቸው ይታያሉ፤ ይህን ሁሉ በአገሩ አድባራት ግድግዳ ላይ ሲያይ ያደገ ሰው፣ አስተርጓሚ ሳይሻ ደጁን እንደ መጽሐፍ ያነበዋል። ቀለሙ እስከ ዛሬ ሳይደበዝዝ የቈየው፣ ደጁ ከፊቱ በተሠራለት መጠለያ ከዝናብና ከፀሓይ ስለ ተከለለ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ከቤቶቹ ሥር ነው። ከ200 የሚበልጡ ምድር ቤቶች በኮረብታው ሆድ ተፈልፍለዋል፤ በጦርነት ዘመን መሸሸጊያ እንደ ነበሩ ይነገራል፤ ሰላም ሲሰፍን ግን ለወይን ተሰጡ። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቁበት የወይን ጠጅ ይበላሻል፤ ብርሃንም ይጎዳዋል፤ ጨለማውና ዓመቱን ሙሉ እምብዛም የማይለዋወጠው የምድር ቅዝቃዜ ግን ያሳድረዋል። መንገዱም በእነዚህ ምድር ቤቶች ምክንያት ከሥሩ ባዶ ስለ ሆነ ከባድ ተሽከርካሪ እንዳያናጋው ተብሎ በቅጽሩ ውስጥ መኪና መንዳት ተከልክሏል፤ ስለዚህ መንገዶቹ ሳይሰፉ፣ ቤቶቹም ሳይፈርሱ ቀርተዋል። ሕዝቡ ወይኑን ጠበቀ፤ ወይኑም በተራው መንደሪቱን ጠበቀ።

ጎብኚው ጽዋ ሲቀርብለት የሚጠጣውን ለይቶ እንዲያውቅ ጥቂት ልጨምር። ሪዮሃ በሚባለው በዚህ የወይን ወረዳ ያለው የቆየ ልማድ፣ ዘለላው ሳይፈለፈል እንዳለ በገንዳ ተከትቶ እንዲፈላ ማድረግ ነው፤ ከዚህ የሚገኘው የወይን ጠጅ ፍሬ ፍሬ የሚሸት ነው፤ የሚጠጣውም ሳይከርም ነው። በበርሜል ማስረጀትን ከፈረንሳይ አገር፣ ከቦርዶ፣ ተምረው ካመጡት ቀደምት ሰዎች አንዱ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የኖረው፣ የጎረቤቲቱ የላባስቲዳ ተወላጅ ካህን ማኑኤል ኪንታኖ ነው። ዛሬ በጠርሙሱ ላይ «ክሪያንሳ» የሚል ቀይ የሪዮሃ ወይን ቢያንስ 2 ዓመት፣ «ሬሴርቫ» የሚል 3 ዓመት፣ «ግራን ሬሴርቫ» የሚልም 5 ዓመት የቈየ ነው፤ ከዚህም ጊዜ ሁለቱ የፊተኞቹ ቢያንስ 1 ዓመት፣ የመጨረሻው ግን 2 ዓመት በበሉጥ በርሜል ማሳለፍ አለባቸው። እንግዲህ በዋጋቸው መካከል ያለው ልዩነት፣ ከምንም በላይ፣ ሰው የታገሠበት ጊዜ ዋጋ ነው።

ለጉዞው የተመረጠው ወራት ፍሬው የሚለቀምበት የመስከረምና የጥቅምት ጊዜ ነው። ማለዳ በቅጽሩ ዙሪያ ተመላልሶ ተራራውንና ወንዙን ማየት፣ ረፋድ ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ሳይቸኩሉ መመልከት፣ ፀሓዩ ሲበረታም ወደ ምድር ቤት መውረድ መልካም ሥርዓት ነው። በጨለማው ውስጥ የበርሜሎቹን ተርታ አይቶ፣ ጽዋውን ቀምሶ፣ ባለቤቱን አመስግኖ ሲወጣ ግን እንግዳው አንድ ነገር አይርሳ፦ በሩን ከኋላው መልሶ ይዝጋ፤ የምድሩ ቅዝቃዜ የሚጠበቀው በዚያ ነውና፣ ለዚያች ቅጽበት እርሱም ከመንደሪቱ ጠባቂዎች አንዱ ይሆናል።