ድንች ከላይ ፍሬ ሲያፈራ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ኮሶዬ ደጋ ናት። ብርዱ ይበረታል፣ ጉሙም ይወርዳል። እንዲህ ያለው አየር ለድንች ይስማማዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን በጓሯችሁ የተከላችሁት ድንች ያላሰባችሁትን ነገር ያሳያችኋል። አበባው ከረገፈ በኋላ በግንዱ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ድቡልቡል ፍሬ ይንጠለጠላል። ያልበሰለ ቲማቲም ይመስላል። እምቧይም ይመስላል። «ድንች የሚያፈራው ከመሬት በታች አይደለም እንዴ?» ያሰኛል።

ነገሩ ጉድ አይደለም። ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬና እምቧይ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። አበባቸውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩት፤ ዝምድናቸው ይታያችኋል። ሙቀት ሲበዛ የድንች አበባ ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። ብርድና እርጥበት ሲያገኝ ግን ያፈራል። የድንቹ ዓይነትም ይለያያል። አንዱ ብዙ ያፈራል፣ ሌላው ጭራሽ አያፈራም።

ከሁሉ አስቀድማችሁ አንድ ነገር ያዙ። ይህ ፍሬ አይበላም! ሶላኒን የሚባል መርዝ አለበት። ብትቀቅሉትም መርዙ አይለቅም። ልጆች ቲማቲም መስሏቸው ሊቀጥፉት ይችላሉና ዛሬውኑ ንገሯቸው። ፍሬውን በልቶ ሆዱን የቆረጠው ወይም ያስመለሰው ልጅ ካለ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ፀሐይ መቶት አረንጓዴ የሆነ ድንችም ይኸው መርዝ አለበት። ድስት ውስጥ አይግባ።

አሁን እስቲ አንድ እግር ድንች በጥንቃቄ ቆፍራችሁ አውጡ። እንደ ፀጉር የቀጠነው ሥሩ ነው። ወፈር ያለ ነጭ ክርም ታያላችሁ። እሱ ሥር አይደለም፤ በአፈር ውስጥ የሚሄድ ግንድ ነው። የዚህ ግንድ ጫፍ ሲያብጥ ድንች ይሆናል። ማስረጃው ምንድን ነው? ያ ነጭ ክር ከአፈር ወጥቶ ፀሐይ ካየ ቅጠል ያወጣል፤ ድንች መሆኑ ይቀራል። አፈር የምታስታቅፉት ለዚህም ነው። የድንች ዓይን የምንለው የግንድ ቡቃያ ነው። ሥር ዓይን የለውም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በቅጠሉ ብብት ውስጥ ትንንሽ ድንች የሚያበቅል እግር ታገኙ ይሆናል። ይህ ፍሬ አይደለም፣ በረከትም አይደለም። ቅጠል የሚሠራው ምግብ በግንዱ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ግንዱ ከሥሩ አካባቢ በበሽታ ከጠቆረ ወይም ከብት ረግጦት ከቆሰለ ግን መንገዱ ይዘጋል። ምግቡ እዚያው ላይ ተጠራቅሞ ያብጣል። ከእንዲህ ያለው እግር ዘር አትያዙ።

እንግዲህ ድንች በሁለት መንገድ ይራባል ማለት ነው። አንደኛው በፍሬው ነው። አንድ ፍሬ ውስጥ ከመቶ የሚበልጥ ደቃቅ ዘር ሊኖር ይችላል። ብትዘሩት ይበቅላል፤ ነገር ግን የአንድ እናትና አባት ልጆች እንደማይመሳሰሉ ሁሉ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ደቃቃ ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ በዓይኑ ነው። ከዓይን የሚበቅለው ልጅ አይደለም፤ ራሷ እናቲቱ ናት። የሸንኮራ አገዳ ቁራጭ ስትተክሉ ያው አገዳ እንደሚበቅለው ነው።

ተመራማሪዎች አዲስ ድንች የሚያገኙት በፍሬው ነው። በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ተፈትነው ለገበሬ የተለቀቁት ጃለኔ፣ ጉዳኔና በለጠ መነሻቸው እንዲህ ያለ ዘር ነው። ከብዙ ቡቃያ ጥቂቱ ይመረጣል፣ ሌላው ይጣላል። ስለዚህ ለቤት ቀለብ ብሎ የፍሬውን ዘር መዝራት አያዋጣም። በጓሮ ጥግ ጥቂት ዘርቶ ለማየት ግን ማን ይከለክላል?

በዓይን መራባት መልካም ነው፤ የወደዳችሁት ድንች ሳይለወጥ ይቆይላችኋል። ጉዳትም አለው። እናቲቱ ከታመመች በሽታዋ አብሮ ይተከላል። አየርላንድ በምትባል የአውሮፓ አገር ደሀው ገበሬ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ድንች ብቻ ይተክል ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1845 ቅጠል የሚያጠቁርና ድንቹን የሚያበሰብስ በሽታ ገባ። ድንቹ ሁሉ አንድ ስለነበረ አንዱን የገደለው ሁሉንም ገደለ። በተከታታይ ዓመታት በረሃብና በረሃብ ሳቢያ በመጣ በሽታ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። በክረምት የእኛን ድንች እንደ እሳት የሚለበልበው ይኸው በሽታ ነው።

ወደ አገራችን ድንች የገባው በ1850 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያስገባው ሺምፐር የሚባል፣ ትግራይ ውስጥ ብዙ ዘመን የኖረ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ገበሬው ቶሎ አልተቀበለውም። በብዛት መትከል የጀመረው በ1880ዎቹ የክፉ ቀን ረሃብ ሳቢያ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘሩ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በዓይን ሲተላለፍ ኖረ። በሽታውም አብሮ ተላለፈ።

ልማዳችንን እንመልከት። ትልልቁ ይሸጣል፣ መካከለኛው ይበላል፣ ደቃቃው ለዘር ይቀራል። የታመመ እግር ደግሞ የሚሰጠው ደቃቃውን ነው። ታዲያ ለዘር የያዝነው በሽታውን አይደለም?

ድንቹ ሲያብብ ማሳው ውስጥ ግቡ። ቅጠሉ ያልተጨማደደ፣ ያልቢጫ፣ ግንዱ ጠንካራ የሆነውን እግር በእንጨት ምልክት አድርጉበት። በቁፋሮ ጊዜ ምልክት ያለበትን ለብቻ አውጡ። የዶሮ እንቁላል የሚያህለውን ለዘር ያዙ። ከተቻለም ሁለት ዓይነት ድንች ትከሉ። ዘሩን ጨለማ ጎተራ ውስጥ አትክመሩት፤ ቡቃያው ነጭና ረጅም ሆኖ ይሰበራል። ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው ብርሃን በሚያገኝበት ቆጥ ላይ በስሱ ዘርጉት። ቡቃያው አጭር፣ ወፍራምና ጠንካራ ይሆናል። ድንቹም አረንጓዴ ይሆናልና ከሚበላው ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው ይቀመጥ።